ነጭ መስመር የተሰመረበት ብሎን

ጡረታ የወጣሁት ከጊዜዬ ቀድሜ ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የማገኛቸው ወዳጆቼ ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። «ደከመኝ» እላቸዋለሁ፣ እነሱም አያምኑኝም። እውነታቸውን ነው፣ ደክሞኝ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ልጄ ሕሊና ከሞት ለጥቂት ተረፈች። ሊገድላት የነበረው አንድ ብሎን ነው። ያን ብሎን ያጠበቁት ደግሞ በሥራ ዓለም ከማንም አብልጬ የማምናቸው ሰው ናቸው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፣ በልጄ ይደርሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እኔ ድሮም ደንጋጭ ነኝ። ባለቤቴ አልማዝ «ማንኪያ ሲወድቅ ወንበር ላይ የሚወጣ ሰው አገባሁ» እያለች ትቀልድብኛለች። ይኸኛው ድንጋጤ ግን እንደ ሌሎቹ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼበት የሚያልፍ አልሆነም። ከመጀመሪያው ልጀምርና እንዴት እንደመጣብኝ ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መልእክተኞች የሚነዷቸውን ሞተር ሳይክሎች በሚጠግን ጋራዥ ውስጥ ነው። አለቃችን ጡረታ የወጡ ሻምበል ነበሩ። መለዋወጫ ስንጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከሞተው ፍታና ላልሞተው ግጠም።» ከሞተው የተፈታው ላልሞተው መቼም ልክ ሆኖ አያውቅም። እንሞርደዋለን፣ ቆርቆሮ እናስገባበታለን፣ በሽቦ እናስረዋለን፣ መልእክተኛውም እያጉረመረመ ይነዳዋል። ከዚያ ወዲያ ካርቱም ጋራዦች ውስጥ ቆየሁ። ሥራው ያው ነው፣ ሙቀቱ ብቻ ይብሳል። ኖርዌይ ስገባ ሙያህ ምንድን ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። የኦስሎ ማዘጋጃ ቤት ሮምሶስ በሚባል ሰፈር ቤት ሰጠን፣ እኔም ብሪን አካባቢ ቢሮ ማጽዳት ጀመርኩ።

ከማጸዳው ሕንፃ ጀርባ ትንሽ ጋራዥ ነበረች። አንድ ጠዋት ባልዲዬን ይዤ ስወጣ የአሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል ድምፅ ሰማሁ። በሦስቱ ብቻ ነው የሚሠራው። እግሬ እየጎተተ ወሰደኝ። አንድ ረጅም፣ ጢማቸው የቀላ ሰው ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለዋል። በተሰባበረ ኖርዌጅኛዬ «ካርቡራተሩ ነው» አልኳቸው። ካርቡራተሩን ፈቱት፣ ተጠርጎ የተቀመጠ ይመስላል። ጥፋቱ የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድ ሆኖ ተገኘ። አፍሬ ባልዲዬን አነሳሁ። ሰውየው ግን በሳቅ ፈንታ «ተሳስተሃል፣ ግን ሰምተህ ገብተሃል። ሰኞ ና» አሉኝ። ደመወዙ ከጽዳቱ እምብዛም አይሻልም ነበር፣ ቢሆንም ሰኞ ሄድኩ።

ስማቸው ሃልቮር ነው። በእድሜ ይበልጡኛል፣ ጋራዧም የእሳቸው ነበረች። ኖርዌጅኛ አንቱታ አያውቅምና ያን ሁሉ ዘመን «አንተ» ስላቸው ኖሬያለሁ። በአማርኛ ስጽፋቸው ግን እጄ እምቢ አለኝ።

ሥራችን የድሮ የጃፓን ሞተር ሳይክሎችን ማደስ ነበር፣ ያውም ከሌላ ሞዴል በተፈታ ዕቃ። የፋብሪካዎቹን ስም አልጠራም። ወዳጆቻቸው እንደ እግር ኳስ ደጋፊ ናቸው፣ አንዱን ካነሳሁ ሌላው ይቀየመኛል። መጀመሪያ ሰሞን የሚሆነውን ሁሉ እያየሁ ስደነግጥ ነው የከረምኩት። አንድ የጥርስ ሐኪም ምንም ያልሆነች ሞተር ሳይክሉን አምጥቶ የፊት ጎማዋን የሚይዘው ሹካ ወጥቶ የሌላ እንዲገባላት ሲለምን አየሁ። ሻምበሉ በችግር ያስደርጉን የነበረውን እዚህ ሰው ወዶ ያስደርገዋል። ይህ ሰው ጤና የለውም እንዴ ብዬ ሃልቮርን ጠየቅኳቸው። ጤናውስ ደህና ነው፣ ወጣትነቱ ናፍቆት ነው አሉኝ።

ከሌላ ሞዴል የመጣውን ዕቃ እኔ በልቤ «ማደጎ» ነበር የምለው። ሃልቮር ማደጎውን ዝም ብለው አያስገቡም። ከየትኛው ሞተር ሳይክል እንደተፈታ፣ ምን ያህል ክብደት ሲሸከም እንደኖረ፣ ጎረቤቱ የትኛው ብሎን እንደነበር ይጠይቃሉ። የአዲስ ሞዴል ሹካ አንገቱ አጭር ስለሆነ ብቻ የአሮጌውን አንገት በመጭመቂያ ማሽን አስወጥተን እናጋባዋለን። የፊትና የኋላ ጎማ አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን በሲባጎ ወጥረን እናያለን። ኃይለኛ ፍሬን ያልለመደ የድሮ አካል ላይ ሲገጠም አካሉን ያጣምመዋልና ማጠናከሪያ እንበይድለታለን። የጃፓን የመስቀል ብሎን ሌላው ዓለም ከሚጠቀምበት ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፤ በማይሆነው ካቻቪቴ የነካው ሰው አናቱን በልቶ ይተወዋል። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጠባያቸውንም ከሙያው ጋር አብሬ ተማርኩ። ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ የቡና ቴርሞሳቸውን በሁለት እጃቸው እቅፍ አድርገው ዝም ብለው ይቆማሉ። እኔ እንደ ጸሎት ነበር የማየው። አንድ ብሎን ከመንካታቸው በፊት ረጅም ጊዜ ትክ ብለው ያዩታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ብሎኑን አንስተው ጥርሱን ከታችኛው ከንፈራቸው ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ያሽከረክሩታል። ጥርሱ ሰፊ ይሁን ደቃቅ፣ የተጎዳ ይሁን ደህና፣ በከንፈራቸው ይለያሉ። ይህ የትም ያልተጻፈ የሙያ ምስጢር ነው ብዬ እኔም ለመድኩት። አልማዝ አንድ ቀን ጋራዥ መጥታ ስታየኝ «እኔን መሳም ትተህ ብሎን ትስማለህ?» ብላኛለች።

ከሁሉ በላይ ግን መስመሩ ነበር። አንድ ብሎን በጣት ይጀመራል፣ ቢያንስ ጥቂት ዙር ያለ ቁልፍ መግባት አለበት። ከዚያ ልኩ ላይ ሲደርስ ጠቅ በሚል ቁልፍ ይጠብቃል። ከዚያ ከብሎኑ አናት እስከተገጠመበት አካል ድረስ በቀለም ቀጭን መስመር ይሰመርበታል። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበርና ያስታውቃል። የእሳቸው ቀለም ነጭ፣ የእኔ ቢጫ ነው። መስመር የተሰመረበትን ብሎን ሌላው ሰው አይነካም። መንካት ውሸታም ነህ እንደ ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም፣ ግን ያለ ነገር ነበር፣ እኔም እንደ ሕግ ያዝኩት።

በኋላ ዘመን ሃልቮር የካርቡራተሩን ሥራ ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። በጣም ደቃቅ ሥራ ነው፣ ቀዳዳዎቹ ከመርፌ ዓይን አይበልጡም። «አንተ ትሻላለህ» ሲሉኝ ደረቴ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ሹመት አገኘሁ ብዬ ለአልማዝም፣ ቤተ ክርስቲያን ለማውቃቸውም ሁሉ አወራሁ።

ሕሊና የተወለደችው እዚሁ ኦስሎ ነው፣ አሁን በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ናት። ሳትነግረን የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ አወጣች። ከእሷ በእድሜ የምትበልጥ አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክልም ገዝታ ጋራዣችን በር ላይ አቆመችው። ደነገጥኩ፣ ተቆጣሁም።

«የሰው ልጅ ሲነዳው ደህና ነው፣ እኔ ስነዳው ፋርሊ ይሆናል?» አለችኝ። ፋርሊ አደገኛ ማለት ነው። በሰው ልጆች እንጀራ ስበላበት የኖርኩት ሥራ ነውና፣ ሞተር ሳይክሏን ወደ ውስጥ ገፋሁላት።

የፊት ፍሬኑ የድሮ ስለሆነ ከሌላ ፋብሪካ አዲስ ሞዴል በተፈታ እንዲለወጥ ተስማማን። ሃልቮር ያን ሥራ እሳቸው እንደሚሠሩት ነገሩኝ፣ ስጦታቸው ነው። አባት ለልጁ ፍሬን ሲያስር እጁ ይንቀጠቀጣል አሉኝ፣ ልክ ነበሩ። በማግስቱ ሥራው አልቆ ነጩ መስመር ተሰምሮ አየሁ። ፍሬኑን በእጄ ጨበጥኩት፣ ጠንካራ ነበር። ልቤ አርፎ የሞተር ሳይክሏን መክፈቻ ለሕሊና ሰጠኋት።

አደጋው የደረሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግሩነርሎካ በሚባለው የከተማው ሰፈር ነው። ትራሙ ቆሞ ሰው እያወረደ ነበር፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴትም መንገዱን እየገባችበት ነበር። ሕሊና የፊት ፍሬኑን ስትጨብጥ እጀታው ምንም ሳይይዝ እስከ መሪው ድረስ ገባ። ወደ ሰዎቹ ከምሄድ ብላ ሞተር ሳይክሏን ሆን ብላ በጎን ጣለቻት፣ አስፋልቱ ላይ ተንሸራትታም ከብረት አጥር ጋር ተላተመች። የጭን አጥንቷና የትከሻ አጥንቷ ተሰበሩ። ሰው አልተነካም። ሆስፒታል ስንደርስ አልማዝ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ማልቀስም አልቻልኩም፤ ልጄን ወደ ቀዶ ጥገና ሲገፏት ኮሪደሩ ላይ ድርቅ ብዬ ቀረሁ።

የፖሊሱም የኢንሹራንሱም ጣጣ አልቆ ሞተር ሳይክሏን በመኪና ጭኜ ጋራዥ አመጣኋት። ሃልቮር ከከተማ ውጭ ያለ የዕረፍት ቤታቸው ሄደው ስለ አደጋው ገና አልሰሙም። ዲስኩን ነክሶ የሚያቆመውን ካሊፐር አየሁ። የፍሬን ዘይቱን ቱቦ ከካሊፐሩ ጋር የሚያስረው ብሎን ከቀዳዳው ተስቦ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተልጦ እንደ ፀጉር ብሎኑ ላይ ተጠምጥሟል። ሰፊ ጥርስ ያለው የአሮጌው ቱቦ ብሎን ደቃቅ ጥርስ ባለው የማደጎው ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ገብቶ ነበር። በጣት ቢጀመር ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እምቢ ይላል። አሥር ዓመት የሠራ አይደለም፣ አንድ ወር የሠራም ያውቀዋል። በብሎኑ አናት ላይ ደግሞ የነጩ መስመር ግማሽ አለ። ሌላው ግማሽ ቱቦው ጫፍ ላይ ነበር፣ ንጹሕና ቀጥ ያለ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አይደለም፣ ይህ የእሳቸው ሥራ ሊሆን አይችልም የሚል ነገር ነው። ሌላ ሰው ፈትቶ ገጥሞት ይሆን ብዬ ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅኩት። የእሳቸው ነበር። ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ እዚያች ሰዓት ፊቴ ቢቆሙ ኖሮ እመታቸው ነበር።

በማግስቱ መጡ። ሰላምታ አልሰጠኋቸውም። ሕሊና የት እንዳለች ነገርኳቸውና ብሎኑንና ካሊፐሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፊታቸው እንደ ኖራ ነጣ። ብሎኑን አነሱና ከንፈራቸው ላይ አሽከረከሩት። ከዚያ ካሊፐሩን አንስተው ወደ ቀዳዳው ትክ ብለው አዩ። ያኔ ገባኝ። ብሎን ከንፈር ላይ ይወጣል፣ ቀዳዳ ግን ከንፈር ላይ አይወጣም። ቀዳዳውን የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው።

«ጣቶቼ ከሄዱ ቆይተዋል» አሉኝ።

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። እጅ የሚያርገፈግፈውን የብረት መሞረጃ፣ ግራይንደር፣ ይዘው ያሳለፉት ዘመን ጣቶቻቸውን እያደነዘዘ፣ ብርድ ሲሆን እያነጣ፣ በመጨረሻ ጫፎቹን ጭራሽ ገድሎባቸው ነበር። ቴርሞሱን የሚያቅፉት ደም እንዲመለስላቸው ነው። ብሎኑን ትክ ብለው የሚያዩት በእጃቸው ስለማያውቁት ነው። ከንፈራቸው የቀረላቸው ጣት ነበር። ካርቡራተሩን ለእኔ የሰጡኝ ደቃቆቹን ብሎኖች መያዝ ስላቃታቸው ነው። ለካ ሹመት አልነበረም። ስንት ዓመት ሙያ ነው ብዬ የቀዳሁት በሽታ ኖሯል። ደንግጬ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ለምን አልነገርከኝም አልኳቸው።

«ብነግርህ ከኋላዬ እየመጣህ ትፈትሽ ነበር። ከኋላው የሚፈተሽ ሰው ምን ቀረው?»

እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አልናገርም ነበር፣ ይህን አውቀዋለሁ። እኔ ባገሬ ይሉኝታ፣ እሳቸው ባገራቸው ዝምታ ታስረን ልጄን አልጋ ላይ ጣልናት።

ያን ዕለት ከሰዓት ሆስፒታል አብረን ሄድን። ሃልቮር አልጋዋ አጠገብ ቆመው ባርኔጣቸውን እንደያዙ፣ ብሎኑን እሳቸው እንዳሰሩ፣ ለምን እንዳልታወቃቸውም ለሕሊና አንድ በአንድ ነገሯት። ይቅርታም ጠየቋት። አልማዝ ወደ መስኮቱ ዞራ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብላ ለራሷ አጉረመረመች። ሕሊና ደህና የሆነውን እጇን ዘርግታ የሃልቮርን እጅ ሳበችና የእስክርቢቶዋን ጫፍ በጣታቸው ጫፍ ላይ ተጫነችው። ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገረቻቸው።

«ይሰማሃል?»

«ናይ» አሉ፣ አይሰማኝም ለማለት።

ቀጣዩን ጣት ተጫነች።

«ናይ።»

ሁሉንም ጣት አዳረሰች። ከእያንዳንዱ ጋር ናይ ሲሉ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እነዚያን እጆች ከሰው ሁሉ በላይ አምኛቸው ነበር። በመጨረሻ ሕሊና እጃቸውን ሳትለቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ብሎን እንዳይነኩ ነገረቻቸው። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ለሽማግሌዎቿ በምትናገርበት ድምፅ ነበር። «ያ፣ ያ» አሉ፣ እሺ እሺ ለማለት፣ እንደ ልጅ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ያ ክረምት ነጭ መስመር ያለባቸውን ሞተር ሳይክሎች ስናስጠራና ስፈትሽ አለፈ። ሃልቮር እየደወሉ ምክንያቱን በግልጽ ለባለቤቶቹ ይነግራሉ፣ እኔ እፈታለሁ። አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ ኬክ ይዞ መጣ። ደግነቱ ሌላ የተሳሳተ አልተገኘም።

መስከረም ሲጠባ ሕሊና በምርኩዝ ጋራዥ መጣች። አልማዝ ያንን ብረት ዳግመኛ በዓይኔ አላየውም ብላለች፣ ሕሊና ግን ሞተር ሳይክሏ ተሠርታ እንድትቆም ፈለገች። መንዳቱን በኋላ እወስናለሁ፣ በፍርሃት ግን አልሸጣትም አለች። ስለዚህ የፊት ፍሬኑን በእኔ እጅ ሠራሁት። ካሊፐሩን ለወጥኩ፣ ብሎኑን ከቀዳዳው ጋር አመሳከርኩ፣ በጣቴ ጀመርኩት፣ በቁልፉ አጠበቅኩ፣ ቢጫ መስመሬን አሰመርኩ። ሃልቮር ወንበር ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

ሕሊና ምርኩዟን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። ጠቅ የሚለውን ቁልፍ አነሳችና ቀጥታ በቢጫው መስመር ላይ፣ በእኔ ብሎን ላይ አስገባችው። አላስፈቀደችኝም። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። በዚያች ጋራዥ የእኔን መስመር የነካ ሰው ኖሮ አያውቅም፣ እነሆ የገዛ ልጄ ፊት ለፊቴ ትፈትሸኛለች። ሃልቮርን አየሁ፣ እሳቸው ግን መሬት መሬት ያያሉ።

«አባዬ፣ ተቀየምክ እንዴ?» አለችኝ፣ እጇን ከቁልፉ ሳታነሳ።

አልተቀየምኩም ልላት አልቻልኩም። ተቀይሜ ነበር፣ ከመቀየሜ በታች ደግሞ ፈርቼ ነበር። ቁልፉን ጫነችው። ያ የምጠብቀው ድምፅ እስኪመጣ ድረስ አልተነፈስኩም። ቁልፉ ጠቅ አለ። ብሎኑ በልኩ ነበር።

እሷ ፈገግ ብላ ቁልፉን ስታስቀምጥ እኔ ሌላ ነገር እያደረግኩ ራሴን አገኘሁት። ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በካቻቪቴው ጫፍ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየተጫንኩ ነበር። አውራ ጣቴ አመመኝ። ሌባ ጣቴም፣ የመሃሉም አመሙኝ። ወደ ቀለበት ጣቴ ስደርስ ስሜቱ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆነብኝ። ትንሿን ጣቴን ተጫንኩ፣ ደግሜም ጠንክሬ ተጫንኩ። ካቻቪቴው ቆዳዬን ሲያጎድጉድ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ከእጄ ግን ምንም አልመጣም። እጄን ሰብስቤ ኪሴ ልከት ነበር። ማንም አላየኝም።

«ይቺ ጣቴ አትሰማም» አልኩ።

ሕሊና ዞረች። ሃልቮርም ከድምፄ አንድ ነገር አውቀው ቀና አሉ። በድንጋጤ ያወጣሁት በአማርኛ ነበርና፣ ለእሳቸውም እንዲደርሳቸው በኖርዌጅኛ ደገምኩት።